እትዬ ዳኛና የባላጋራው ጠበቃ

ኅዳር አሥራ ሁለት ቀን ነበር፤ ማክሰኞ። ወይስ ረቡዕ? እናቴ በሕይወት ሳለች ረቡዕ ነው እያለች ትሞግተኝ ነበር። ማስረጃዋ ልብስ ነው። በዚያን ቀን ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ገመድ ላይ የታጠበ ልብስ ተሰጥቶ እንደነበር ታስታውሳለች፤ እኛ ቤት ልብስ የሚታጠበው ደግሞ ረቡዕ ረቡዕ ነው። ኅዳር ለመሆኑስ ምስክሩ ማን ነው? ይበርድ ነበር ይላሉ ሁሉም። ብርድ እኮ በሌላም ወር አለ። እንግዲህ ማንም የፈለገውን ይያዝ፤ እኔ ማክሰኞዬን ይዣለሁ።

በዚያ ማክሰኞ ነው አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ እህት፣ በከተማችን ፍርድ ቤት የዳኝነት ወንበር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተቀመጠችው። ከእሷ በፊት ሴት ወደዚያ ወንበር የምትጠጋው አቧራ ልታራግፍ ብቻ ነበር።

ተቀመጠች ማለትም ያስቸግራል። ወንበሩ የተሠራው ለአንድ ግዙፍ ዳኛ ነው፤ የእኛ ቤተሰብ ደግሞ በቁመት አይታማም። አክስቴ ተደግፋ ስትቀመጥ እግሯ ይንጠለጠላል፤ እግሯን መሬት ላስነካ ብላ ወደ ፊት ስትንሸራተት ደግሞ ከጠረጴዛው በላይ የሚታየው ግንባሯ ብቻ ይሆናል። ይህን ቀድሞ ያየው ችሎት አስከባሪው ነው። «ተነሡ!» ሲል ግድግዳው ሳይቀር የሚነሣ የሚመስል፣ ረጅም፣ ሳቅ የማያውቅ ሰው ነበር። በዕረፍት ሰዓት ባዶ የሳሙና ሣጥን አምጥቶ በእግሩ ገፋ እያደረገ ከጠረጴዛው ሥር አስገባላትና ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ፣ «ፍርድ ቤቱ እግሩን ያሳርፍበት» አለ። አክስቴ ከዚያች ሣጥን ላይ እግሯን ያነሣችው ጡረታ ስትወጣ ነው።

የመጀመሪያው ባለጉዳይ ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር የተጣሉ ሽማግሌ ነበሩ። ወንበሩን አዩ፤ ችሎት አስከባሪውን አዩ፤ ደግመው ወንበሩን አዩና፣

«እኔ እስከማውቀው ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቃል» አሉ።

«ልክ ነዎት አባቴ» አለች አክስቴ። «እዚህም የሚያልቀው በወንድ ነው። ስንጨርስ በሩን የሚዘጋው ችሎት አስከባሪው ነው።»

ሽማግሌው ተረቱ። ሲወጡ ግን በሩን የሚዘጋውን ሰው፣ «ይህች ልጅ አፏ ስለት ነው፤ የማን ልጅ ናት?» ብለው ጠየቁት አሉ።

የአባቷ ልጅ ነበረች። አያቴ ሙግት የሚወድ ሰው ነበር፤ ለመርታት ሳይሆን ለመሟገት። አንድ ጉዳይ ሲያልቅበት እንደ ሐዘንተኛ ይተክዝና በሳምንቱ ሌላ ጎረቤት ፈልጎ ይጣላል። አክስቴ ሕግ ልማር ስትል የተቃወመው ሴት ስለሆነች አልነበረም። «በአንድ ቤት ሁለት ተሟጋች አይበቅልም» ነው ያለው። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ከክፍሉ ብቸኛዋ ሴት ሆነች። መምህራቸው ትምህርቱን ሲጀምር «ወንድሞቼ» ይልና ቆም ብሎ ወደ እሷ እያየ «አንቺም» ይል ነበር። ተመርቃ፣ ሠርታ፣ ዳኛ ሆና የተሾመች ዕለት አያቴ ኮቱን ለብሶ ቤቷ ሄደ።

«የእኔን ጉዳዮች መቼ ታይልኛለሽ?»

«አባባ፣ ያባቴን ጉዳይ ማየት አልችልም። ሕግ ይከለክለኛል።»

«ታዲያ ምን ሊጠቅመኝ ነው ያስተማርኩሽ?» ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ዳኝነቱን ግን የወረሰችው ከእናቷ ነው። አያቴ፣ ሴቲቱ ማለቴ ነው፣ ልጆቿ ሲጣሉ ክስ አትሰማም ነበር። ሁለቱንም ፊቷ ታቆምና አንደኛዋን፣ «የአንቺን ነገር ተይው፤ የእሷን ነገር ንገሪኝ» ትላለች። ከሳሽ የተከሳሽን፣ ተከሳሽ የከሳሽን ነገር እንደ ራሷ አድርጋ ትናገራለች። ባላጋራዋ «አዎ፣ እንዲህ ነው የምለው» እስክትል ድረስ ፍርድ የለም፤ ራትም የለም። እናቴ አንድ ጊዜ በተሰበረ የፋኖስ ብርጭቆ ከአክስቴ ጋር ተጣልታ የአክስቴን ነገር እንድትናገር ታዘዘች። «እኔ ፋኖሱን ይዤ ስሄድ ትንሿ እህቴ ከኋላ መጥታ...» ብላ ጀመረችና መሐል ላይ ዝም አለች። ለካ ገፍታት ኖሯል፤ ትዝ ያላት የሌላውን ነገር ስትናገር ነው። እናቴ እስከ ዕለተ ሞቷ፣ «የእትዬ የመጀመሪያዋ ፍርደኛ እኔ ነኝ» እያለች ትስቅ ነበር።

ይህንኑ ነው አክስቴ ወደ ችሎት ይዛው የገባችው። ባለጉዳዮች ነገራቸውን ከተናገሩ በኋላ አዙራ፣ «አሁን ደግሞ የእሱን ነገር እርስዎ ይናገሩለት» ትላለች። መጀመሪያ ሰው ግራ ተጋባ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ቢሮው ጠርቶ፣ «ይሄ ችሎት ነው ወይስ ቲያትር?» አላት። እሷም፣ «ሕጉ የሚከለክል ከሆነ አንቀጹን ያሳዩኝ» አለች። ሲፈልግ ዓመቱ አለቀ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ከፍርድ ቤቱ ግቢ ወጣ። ገበያ ውስጥ ሻጭና ገዢ ሲጣሉ፣ «እስቲ የኔን ነገር አንቺ ተናገሪልኝ» መባባል ጀመሩ። ባልና ሚስት ችሎት ከመቅረባቸው በፊት ቤታቸው ተለማምደው ይመጡና እዚያው ታርቀው ይመለሳሉ። ጠበቆች ተቆጡ፤ እንጀራቸው ነውና። የአክስቴ ባል፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሒሳብ መምህር ነበር። ሰዎች ትዳር እንዴት ነው ሲሉት፣ «ጥሩ ነው። ካገባሁ ወዲህ ግን የራሴን ነገር ተናግሬ አላውቅም» ይል ነበር።

ስለ ልብስ ሰፊው ሳልናገር ይህን ሁሉ ማውራቴ እሱ ቢሰማ ያስቀይመዋል፤ የአክስቴ ታሪክ ከእሱ ይጀምራል ባይ ነውና። ከፊሉ እውነት ነው። ፍርድ ቤቱ ያሉት ካባዎች ሁሉ ለወንድ ትከሻ የተቆረጡ ስለነበሩ አክስቴ ስትራመድ ካባው ወለል እየጠረገ ይከተላት ነበር። በገባች በማግስቱ ጠቅልላ ወሰደችለት። ሰፊው ያኔ ወጣት፣ ባለ ቀጭን ጢም፣ ከመርፌው ይልቅ በምላሱ የሚታወቅ ሰው ነው። ካባውን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋና፣

«ይህን የሰፋው ሰው ዳኛ አይቶ አያውቅም፤ መጋረጃ ሲሰፋ የኖረ ነው» አላት።

«ማሳጠር ይቻላል?»

«ማሳጠር? የእርስዎ ካባ ወጥቶ ለልጅዎም ይተርፋል።»

«ልጅ ገና የለኝም።»

«እንግዲያው ለችሎት አስከባሪው ሸሚዝ አወጣለታለሁ። ይግቡ እትዬ ዳኛ፤ ብርሃኑ እዚህ ጋ ነው።»

እትዬ ዳኛ የሚለው ስም ከዚያ ወጣላት። ብርሃኑ ያለውም የዋዛ ነገር አልነበረም። የሰፊው ሱቅና የፎቶ አንሺው ሱቅ ጎን ለጎን ናቸው፤ በሁለቱ በሮች መካከል አንድ ትልቅ የመስታወት መስኮት ያለው ጠባብ ቦታ አለ። ጠዋት ፀሐይ በዚያ በኩል ትገባለች። ሰፊው የስፌት መኪናውን ያኖረው እዚያ ነው፤ ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር የሚሰፋ ሰው ያለ ብርሃን ዕውር ነው። ፎቶ አንሺው ደግሞ ደንበኞቹን የሚያስቀምጥበት ሌላ ቦታ አልነበረውም። አከራያቸው ለሁለቱም በየተራ «ያንተ ነው» ብሎ ነበርና እሱ ሲሞት ነገሩ ፈነዳ። ፎቶ አንሺው ከሰሰ።

ጉዳዩ አክስቴ ፊት ሲቀርብ እኔ ለዕረፍት ከዩኒቨርሲቲ መጥቼ ስለነበር የኋላው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ አይቻለሁ። ይህን በወሬ አልሰማሁትም።

አክስቴ ከመጀመሯ በፊት ሁለቱንም አየቻቸው። «ይህን ካባ የሰፉት እርስዎ ነዎት» አለች ለሰፊው። ወደ ፎቶ አንሺው ዞረች፤ «የመታወቂያዬን ፎቶ ያነሡት እርስዎ ነዎት። እዚህ ከተማ ሁለታችሁንም የማያውቅ ዳኛ የለም። የሚቃወም ካለ አሁን ይናገር።»

«ካባው ጥሩ ነው፤ ቅሬታ የለኝም» አለ ሰፊው።

ፎቶ አንሺው ራሱን ነቀነቀ። እሱ እንዲህ ነበር፤ የሰውን ፊት ሲያይ የሚውል፣ የራሱን አፍ የማይከፍት። ሁለቱም ነገራቸውን ተናገሩ። ሰፊው ለረጅም ጊዜ፣ ፎቶ አንሺው ላጭር ጊዜ። ከዚያ አክስቴ እንደ ልማዷ አዞረችው። መጀመሪያ ፎቶ አንሺው የሰፊውን ነገር እንዲናገር ተጠየቀ።

«ልብስ ሰፊ ነው» አለ ፎቶ አንሺው። አሰበ። «ብርሃን ይፈልጋል።»

«ሌላስ?»

«ብዙ ብርሃን ይፈልጋል።»

ሰው ሳቀ። «ይህን ነው የሚሉት?» አለች አክስቴ ለሰፊው።

«ያንሳል እንጂ ልክ ነው» አለ ሰፊው፤ ተራው ደርሶ ነበርና ኮቱን አስተካክሎ ተነሣ።

«እኔ ፎቶ አንሺ ነኝ» ብሎ ጀመረ። «ሰው በሕይወቱ ደስ ባለው ቀን ወደ እኔ ይመጣል፤ እኔ ግን የማስቀምጥበት የለኝም። አንድ ቀን አንዲት ሙሽራ በዝናብ ደጅ አቆምኳት። አንድ መኪና ሲያልፍ ጭቃውን አንሥቶ ነጭ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ አለበሰው። ቀሚሱን የሰፋው ይሄ ጎረቤቴ ነው፤ ስንት ሌሊት እንደለፋበት አውቃለሁ። ፎቶዋን ከወገቧ በላይ አነሣሁት። ዛሬም ያቺ ሴት አልበሟን ስትገልጥ እግር የሌላት ሙሽራ ናት።»

ችሎቱ ጸጥ አለ። ሰፊው ጸጥታ ሲያገኝ ደግሞ ማቆም አይሆንለትም።

«ያ መስኮት ድሮ ጣውላ ነበር። መስታወቱን ከሌላ ከተማ ገዝቼ አውቶቡስ ውስጥ እንደ ሕፃን ጉልበቴ ላይ ታቅፌ ነው ያመጣሁት። መንገዱ ጉድጓድ ነው፤ አውቶቡሱ በዘለለ ቁጥር መስታወቱን ይዤ እኔም አብሬ እዘል ነበር። በገዛ እጄ ስገጥመው ቆረጠኝ፤ ጠባሳው ይኸው።» እጁን ወደ ላይ አነሣ። የሰፊው እጅ ላይ ጠባሳ አልነበረም። ሰው ሁሉ ወደ ፎቶ አንሺው ዞሮ አየ፤ ፎቶ አንሺው እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። «ጎረቤቴ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። መኪናውን መስታወቱ ሥር ሲያኖር ዝም አልኩ፤ ሰው ነውና አፈርኩ። ዝምታዬን ስጦታ አደረገው።»

«ይህን ነው የሚሉት?» አለች አክስቴ።

ፎቶ አንሺው ዐይኑን በመዳፉ ጠረገ። «እኔ ይህን ሁሉ ማለት አልችልም ነበር» አለ። «ስለ መስታወቱ መናገር እንዳለብኝም አላወቅሁም። ግን አዎ። ይህን ነው የምለው።»

ችሎት አስከባሪው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ተናፈጠ። ሰፊው ጥሩ ልብስ አስለክቶ እንደወጣ ሰው ረክቶ ዙሪያውን አየ። ፊቱ የተለወጠው ሲቀመጥ ነው።

በቀጠሮው ቀን አክስቴ ውሳኔውን አነበበች። አጭር ነበር። «ፍርድ ቤቱ ግራ ቀኙን መርምሯል። ቦታው የፎቶ አንሺው ነው።» ከዚህ በላይ ቃል አልጨመረችም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። ሰፊው ከዚያን ቀን ጀምሮ የባላጋራ ጠበቃ ተባለ። ልጆች ሱቁ በር ላይ ይጠሩታል፤ ትልልቆቹ ደግሞ ሱሪ ሊያሳጥሩ ይገቡና፣ «ነገ ችሎት አለኝ፤ አደራህን ለባላጋራዬ እንዳትቆምለት» ይሉታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል፤ መርፌው ግን ይወጋዋል። እናቴ አንድ ቀን፣ «ይግባኝ አትልም እንዴ?» አለችው።

«ምን ብዬ?» አላት። «ክርክሩ የኔ፣ ንግግሩ የኔ። በራሴ ላይ ይግባኝ ልበል?»

መኪናውን ወደ ጓዳ ወስዶ አምፖል ሥር ይሰፋ ጀመር። ታዲያ ጥቂት ቀናት ቆይቶ ፎቶ አንሺው ጓዳው በር ላይ መጥቶ ቆመ። እንደ ልማዱ ብዙ ጊዜ ቆመ።

«ብርሃን ይፈልጋል ብያለሁ እኮ» አለ በመጨረሻ፤ ጎንበስ ብሎም የስፌት መኪናውን ባንድ ወገን ያዘ። «በዚያ በኩል ያዝ።»

ሁለቱ ተሸክመው ወደ መስታወቱ መለሱት። የፎቶ አንሺው ደንበኞች ከመኪናው አጠገብ ባለ አግዳሚ ላይ እየተቀመጡ የሰፊውን ወሬ ይሰማሉ፤ ፎቶ አንሺውም ስቆ የመጣ ፊት ማንሣት እንደሚቀል ለሰው ይናገር ነበር። ፎቶ አንሺው ሞቶ ልጁ ቤቱን የሞባይል መጠገኛ ካደረገው በኋላም ሰፊው ከዚያ አልተነሣም።

ሁሉ ደህና ሆነ ይላል ሰው። ሰፊው ግን አይልም። ሱሪዬን ሲለካ አንድ ጊዜ አጫወተኝ። «ድሮ እዚህ የምቀመጠው በመብቴ ነው፤ አሁን በሰው ፈቃድ ነው። ብርሃኑ አንድ ነው፤ መቀመጡ ግን አንድ አይደለም። በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ይላል ያገር ሰው። እኔ በእውነት ተረትቼ ከሆነ በቅሎም ቢሆን ትሂድ፤ አልቆጭም። በምላሴ ተረትቼ ከሆነ ግን...» ብሎ ጠመኔውን ቁርጭምጭሚቴ ላይ ከሚገባው በላይ አጥብቆ አሰመረ።

አክስቴ ምን እንዳሰበች ማንም አያውቅም። ከፍርዱ በኋላ በዚያው ወር የካባዋን ጠርዝ ልታሰፋ ሱቁ ስትገባ መንገዱ ሁሉ ትንፋሹን ያዘ። ሰፊው ለካት፣ ሰፋላት፣ መለሰላት። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም የእሷን ልብስ ሌላ ሰው ነክቶት አያውቅም። እኔ ልብ ያልኩት ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ጉዳይ በኋላ አክስቴ ችሎት ላይ ማንንም «የእሱን ነገር እርስዎ ይናገሩለት» ብላ አታውቅም። ችሎት አስከባሪውም አስተውሎታል። አንድ ቀን ጠየቅሁት፤ «ፍርድ ቤቱ ደክሞታል» አለኝ። አክስቴ ያኔ ደከመኝ የምትል ሴት አልነበረችም።

እንዲህ እንዲህ ሲል እሷም አረጀች። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሹማ ደርሳ ተመልሳ፣ ከእሷ በኋላ የመጡት ሴት ዳኞች እግራቸው መሬት የሚደርስበት ወንበር ሲሠራላቸው አይታ፣ «እኔስ ሣጥኔን እመርጣለሁ» ብላ፣ ሣጥኗን በክንዷ ይዛ ጡረታ ወጣች። ባሏን ቀበረች። ጉልበቷ አልታዘዝ ሲላት ሌላ ከተማ ያለችው ልጇ፣ የአክስቴ አንዲት ልጅ፣ ወስጄ ከእኔ ጋር አኖራታለሁ አለች። መሄጃዋ ሲቆረጥ ሰፊው ሱቁ አጠገብ ሳልፍ በመስታወቱ በጣቱ ጠራኝ። ጢሙ ነጥቷል፤ መነጽሩ ወፍሯል።

«እትዬ ዳኛ ሊሄዱ ነው አሉ። ይመለሳሉ?»

«ለመመለስ አይመስለኝም ጋሼ።»

ክሩን መርፌው ውስጥ ሊያስገባ ሞከረ፤ ሳተ። «እንግዲያው ጠይቅልኝ» አለ። «በእውነቴ ነው በምላሴ? ይህችን ብቻ።»

«ለምን ራስዎ አይጠይቁም?»

«እሳቸው ፊት አንድ ጊዜ አፌን ከፍቼ አይቻለሁ» አለኝ።

እጠይቃለሁ አልኩ። ስሄድ አክስቴ ሳሎን መሐል ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ዙሪያዋን የታሸገና ያልታሸገ ዕቃ ከቧት፣ ከልጇ ጋር በስልክ ስትከራከር አገኘኋት። ስልኩን ዘጋችና የሳሙና ሣጥኗን በከዘራዋ ጠቆመችኝ።

«አትያዢው ትለኛለች። እስቲ አንተ የእሷን ነገር ተናገርላት።»

እንደ ልጅነቴ ቀጥ ብዬ ቆሜ ተናገርኩ። መኪናዋ ትንሽ እንደሆነች፣ ቤቷ ለአሮጌ ሣጥን ቦታ እንደሌለው፣ እዚያ ለእናቷ እግር የተመቸ ለስላሳ መደገፊያ ገዝታ እንደምትጠብቅ፣ ሰው እናቱን ከነትዝታዋ ሁሉ ጠቅልሎ መሸከም እንደማይችል ጭምር። ራሴን ሳዳምጠው አሳመነኝ።

«አሳምረህ ተናገርክ» አለችኝ። «ሣጥኑ ግን ይሄዳል።»

በር ላይ ቆሜ ሣጥኑን ሳየው አንድ ነገር ብልጭ አለልኝ። ለካ አክስቴ ዘንድ አሳምሮ የተናገረ ሁሉ አይረታም፤ ያም ከሆነ ሰፊውም የተረታው በምላሱ ላይሆን... አፌን ከፈትኩ። በዚያች ቅጽበት ሦስት ጎረቤቶች ለስንብት ገቡ፤ እየተሳሳሙ፣ እያለቀሱ፣ ደግሞ እየተሳሳቁ ቦታዬን ያዙት። በሌላ ቀን ስሄድ መነጽሯን ግንባሯ ላይ አድርጋ ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ዳኛን ከእንቅልፍ ቀስቅሶ መጠየቅ አልደፈርኩም። በሦስተኛው ቀን ልጇ መጥታ ነበር።

የመሄጃዋ ዕለት ጠዋት ፀሐይ ነበር። ዕቃው ተጭኖ አልቋል፤ ሣጥኑ ከኋላ መቀመጫ ላይ እንደ ተሳፋሪ ተቀምጧል። መኪናው ሲነሣ አክስቴ፣ «በዚያ መንገድ ሂጂ፤ ካፖርቴን ሰፊው ጋ ሰጥቻለሁ» አለች።

«ካፖርት? በዚህ ሙቀት?» አለች ልጇ።

«እዚያ ይበርዳል አላልሽም? በራስሽ አፍ ነው ያልሽው።»

ሱቁ በር ላይ ቆምን። እደግፍሻለሁ ብል አይሆንም አለችና በከዘራዋ ቀስ ብላ ገባች። እኔና የአክስቴ ልጅ ውጭ ቀረን። በመስታወቱ ይታያሉ። ሰፊው ካፖርቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት፤ ክንዷን አነሣች፣ ጠርዙን አየች፣ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ትወጣለች ስንል አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። መናገር ጀመረች።

ብዙ ተናገረች። ሰፊው መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሞ ሰማት። ያንን ሰው ለዚያን ያህል ጊዜ ዝም ብሎ ያየሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። አንድ ቦታ ላይ አክስቴ እጇን ዘርግታ መስታወቱን በጣቷ ነካች፤ ከዚያ የስፌት መኪናውን አሳየች። ሰፊው ዐይኑን ወደ መሬት አደረገ። ስትጨርስ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ አንዲት አጭር ነገር ብቻ። «አዎ፣ ይህን ነው የምለው» ይሆን? አላውቅም። ከንፈር ማንበብ አልችልም፤ ፀሐይዋም መስታወቱ ላይ ታንጸባርቅ ነበር። ከዚያ ተራው የእሱ ሆነ። ኮቱን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ አክስቴም ችሎት ላይ እንደምትሆነው አገጯን በመዳፏ ይዛ አዳመጠችው። ማን የማንን ነገር እንደተናገረ ውጭ ላለ ሰው አይሰማም።

«ምን ያወራሉ ይሄን ሁሉ?» አለች የአክስቴ ልጅ ቁልፉን እያቅጨለጨለች። «መንገድ እኮ ሊመሽብን ነው።»

አክስቴ ስትወጣ ካፖርቱን ለብሳዋለች። ፊቷ ላይ ሳቅም አለ ሌላም ነገር አለ። መኪናው ውስጥ ስትገባ ሣጥኑን ከመቀመጫው አውርጄ ከእግሯ ሥር አኖርኩላት።

«ይሄ ሰውዬ ዛሬም ወሬ አያልቅበትም» አለችኝ። በዐይኔ ያየሁት ግን ሌላ ነው፤ ይበልጡን የተናገረችው እሷ ናት።

ጎንበስ ብዬ የመኪናውን መስኮት ያዝኩ። ከኋላዬ ሰፊው መስታወቱ ሥር ቆሞ እያየን እንደሆነ ተሰማኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር።»

ኮሌታዬን አስተካከለችልኝ። የልብስ ሰፊ ደንበኛ ሆኜ ኮሌታዬ መጣመሙ ሳይገርማት አልቀረም። ልጇ ሞተሩን አስነሣች።

«ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» አለች አክስቴ።

መኪናው ተነሣ፤ ከመንገዱ ዳር ያለውን ጉድጓድ ሲዘል አክስቴ ከነሣጥኗ ተነሥታ ስትመለስ በኋላው መስታወት በኩል አየሁ፤ መታጠፊያው ጋ ደርሶም ታጠፈ።